የቆየ የጃፓን ሳኬ እንዴት ይጠጣል? ከዕድሜው በፊት የከረመበትን ቦታ ጠይቁ

ሳኬ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከሩዝ የሚጠመቀውን፣ እንደ ውኃ የጠራውን፣ ሱሺ ቤት በትንሽዬ ሲኒ የሚቀርበውን መጠጥ ነው። ልክ ነው፤ ጃፓን ውስጥም አብዛኛው ሳኬ ተጠምቆ አንድ ዓመት ገደማ ሳይሞላው ያልቃል። ግን ሌላም ዓይነት አለ። ቀለሙ የጠጅ፣ አንዳንዱም ወደ ቡና የሚጠጋ። ሽታው ካራሜል፣ ዘቢብ፣ የተቆላ ለውዝ፣ ትንሽ አኩሪ አተር ሶስ። ጃፓኖቹ ኮሹ ይሉታል፤ ጁኩሴሹ ሲሉትም ትሰማላችሁ። ሁለቱም የቆየና የበሰለ ሳኬ ነው።

ስንት ዓመት ሲቆይ ነው ኮሹ የሚባለው? ሕጉ ቁርጥ ያለ ገደብ አላስቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተ የቆየ ሳኬ ጠማቂዎች ማኅበር ግን የራሱን መስፈርት አውጥቷል፦ ስኳር ያልተጨመረበት፣ መጥመቂያው ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ዓመት የከረመ። በዚህ ብትሄዱ አትሳሳቱም።

ከዓመቱ ይልቅ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል። የት ነው የከረመው? በምን ያህል ሙቀት? ብርድ ቤት አሥር ዓመት የተቀመጠ ሳኬ ገና ወጣት መስሎ ሊወጣ ይችላል፤ የጃፓን በጋ እየመጣ ሲሄድበት ተራ መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት ያሳለፈው ደግሞ ጠቁሮና ወፍሮ ይጠብቃችኋል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው የሚከፋው ለዚህ ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ፣ ብርጭቆውም፣ ማሞቁም፣ ምግቡም፣ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሁለቱ ቤተሰቦች

አንደኛው ጥቁሩ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጁንማይ ወይም ከሆንጆዞ ይሠራል፤ ማለትም ሩዙ በጣም ካልተፈተገበት ሳኬ። ሩዝ ብዙ ሳይፈተግ ሲቀር ከውጭ በኩል ያለው ፕሮቲን ይቀራል፣ ከፕሮቲኑ አሚኖ አሲድ ይገኛል፣ እሱ ደግሞ ሳኬው ውስጥ ካለው ስኳር ጋር ቀስ እያለ ይዋሃዳል። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ዳቦ ሲጋገር የሚያጠቁረው ያው ሂደት ነው፤ እዚህ እሳት ስለሌለ ደቂቃ የሚፈጀው ነገር ዓመታት ይወስዳል። ቤቱ ሞቅ ካለ ይፈጥናል፣ ከቀዘቀዘ ይዘገያል። ለዚህ ነው ጥቁሩ ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ በቤቱ ሙቀት የሚከርመው።

ሁለተኛው ፈዛዛው ነው። ይሄ ከጊንጆና ከዳይጊንጆ ይሠራል። ለጊንጆ ሩዙ ተፈትጎ ከክብደቱ 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚቀረው፣ ለዳይጊንጆ 50 ወይም ከዚያ በታች። ይህን ሳኬ በብርድ ነው የሚያቆዩት። ቀለሙ እምብዛም አይለወጥም፤ ቢበዛ ገለባ ቢመስል ነው። የፍራፍሬ ሽታው አይጠፋም፣ ግን ይረጋጋል። የአልኮሉ ስለት ይደበዝዝና ምላስ ላይ ክብ ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ቀጭን መራራ ነገር ይመጣል። እሱ ጉድለት እንዳይመስላችሁ፤ እንደውም እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

በሁለቱ መሃል ያለም አለ፤ መጀመሪያ በቤቱ ሙቀት ቆይቶ ቀጥሎ ብርድ ቤት የገባ፣ ወይም የዚህ ተገላቢጦሽ። ለጀማሪ ግን ሁለቱን ጫፎች ለይቶ ማወቅ ይበቃዋል።

አፍንጫችሁ ይህን ሽታ ያውቀዋል

ስለ ጥቁሩ ኮሹ የሚጽፉ የውጭ ሰዎች ሽታውን ለማስረዳት ይቸገራሉ። ሼሪ ይላሉ፣ ማዴራ ይላሉ፣ የሜፕል ሽሮፕ ይላሉ። አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ለዚያ ሽታ ዋናው ተጠያቂ ሶቶሎን የሚባል ውህድ ነው፤ በሼሪም በማዴራም ውስጥ አለ። ነገር ግን ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። አብሽ! የአብሽን መለያ ሽታ የሚሰጠው ራሱ ሶቶሎን ነው። አብሽ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ላቡ ላይ የሚቀረው ያ ጣፋጭ ሽታም የእሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ስታሸቱት የማር፣ የቴምር፣ የካራሜል ሽታ ይመጣል፣ ከሥሩ ደግሞ የተቆላ አብሽ። ፈልጉት፣ ታገኙታላችሁ። ሌሎቹ የሚመጡት ቀስ ብለው ነው፦ የደረቀ እንጉዳይ፣ ቡና፣ ጥቁር ቸኮሌት፣ አኩሪ አተር ሶስ። ምላስ ላይ ሲደርስ ከሽታው ያነሰ ጣፋጭ ሆኖ ብዙ ሰው ይደነቃል። ሽታው ከረሜላ ይመስላል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ኮምጠጥ፣ መረር ይላል፤ ከዚያ ጃፓኖቹ ኡማሚ የሚሉት፣ እኛ ጥሩ የሥጋ መረቅ ላይ የምናገኘው ዓይነት ሙሉ ጣዕም ይከተላል። እሱም ቶሎ አይለቅም።

መጥፎ ሽታም አለ፣ እሱንም ማወቅ ያስፈልጋል። የተበላሸ የሳኬ እርጅና ሂኔካ ይባላል። የከረመ ጥቅል ጎመን፣ ጨው ውስጥ የሰነበተ ነጭ ራዲሽ ይሸታል፤ የሚያመጣው የድኝ ዘር የሆነ ውህድ ነው። ጠርሙሱ ፀሐይ ወይም የሱቅ መብራት ሲመታው ከርሞ ከሆነ ደግሞ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሌላ ሽታ ያመጣል። እንግዲህ ብርጭቆ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ስጡት። ጎመኑ አሁንም ከፊት ከሆነ ሳኬው አልበሰለም፣ በቃ ተበላሽቷል። ማንም «ኮሹ እንዲህ ነው፣ አልገባህም» ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

ለምን ብርቅ ሆነ?

ድሮ ብርቅ አልነበረም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የቡድሃ መነኩሴ ኒቺረን ስጦታ ሆኖ የመጣለትን አሮጌ ሳኬ የሰው ደም እንደ መጭመቅ ያለ ነው ብሎ ጽፏል፤ ምን ያህል ቀይ እንደነበር አስቡት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተዘጋጀ የምግብ መዝገብም በማሰሮ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት የቆየውን ሳኬ ጣዕሙ ወፍራም፣ ሽታውም ያማረ እያለ ያሞግሰዋል።

ያቋረጠው ግብር ነው። ከ1868 ጀምሮ ጃፓንን የገዛው የሜጂ መንግሥት ግብሩን የጣለው በተሸጠው ላይ ሳይሆን በተጠመቀው ላይ ነበር። ጠማቂው ገና ሳኬውን እንዳወጣ፣ ሳይሸጠው፣ ገንዘቡ ይፈለጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የመጠጥ ግብር ከመሬት ግብር በልጦ የአገሪቱ ትልቁ የግብር ገቢ ሆኖ ነበር፤ ስለዚህ መንግሥት የሚለቅ አልነበረም። በዚህ ሁኔታ ሳኬ አምስት ዓመት ማስቀመጥ ለጠማቂው ኪሳራ ነው። አሠራሩ የተቀየረው በ1940ዎቹ ነው። ያኔ ሙያውም፣ የጠጪው ምላስም ተረስቶ ነበር። የዛሬዎቹ ኮሹ ጠማቂዎች አብዛኞቹ ከ1970ዎቹ ወዲህ እንደ አዲስ የጀመሩ ናቸው።

ሲገዙ

መለያው ላይ የቀን ቁጥር ልታዩ ትችላላችሁ፤ ያ ብዙውን ጊዜ የታሸገበት ወር ነው እንጂ የተጠመቀበት አይደለም። የተጠመቀበትን የሚናገረው «ቢ ዋይ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት አጠገብ ያለው ቁጥር ነው፤ የጠመቃ ዓመት ማለት ነው፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ቁጥሩ ግን ብዙውን ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው የሚቆጠረው። የሄይሴይ ዘመን ከሆነ 1988 ደምሩበት፣ የሬይዋ ከሆነ 2018። ሄይሴይ 20 ማለት 2008 ነው። የተቀላቀለ ከሆነስ? መለያው ላይ የሚጻፈው የቆይታ ዓመት የትንሹ ነው፤ ማለትም «5 ዓመት» የሚል ጠርሙስ ውስጥ ከዚያ የከረመም ሊኖር ይችላል፣ ያነሰ ግን አይኖርም።

ሁለት የሚያምታቱ ነገሮች አሉ። ያማናሺ አካባቢ የሚበቅል ኮሹ የሚባል ወይን አለ፤ ነጭ የወይን ጠጅ ነው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። የኦኪናዋ አዋሞሪም ሲከርም በጃፓንኛ የሚጻፈው የቆየው ሳኬ ኮሹ በሚጻፍባቸው በእነዚያው ሁለት ፊደላት ነው፣ ንባቡ ግን ኩሱ ነው። እሱ የተጣራ አረቄ ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ሳኬ መስሏችሁ በትልቁ እንዳትጎነጩት።

ከየትኛው ልጀምር ለሚል፣ ጊፉ ውስጥ ዳሩማ ማሳሙኔ የሚባለውን ፈልጉ። ቤቱ በ1835 የተመሠረተ ነው፣ ኮሹ ላይ ካተኮረ ደግሞ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሦስት፣ አምስትና አሥር ዓመት የቆዩትን ጎን ለጎን መቅመስ ይቻላል፣ እና ከምንም ማብራሪያ በላይ የሚያስተምረው ይሄ ነው። ጣፋጭ ለሚወድ ደግሞ ከሂሮሺማ ሃናሃቶ አለ፤ ስምንት ዓመት የቆየ ኪጆሹ። ኪጆሹ የሚሠራው ሲጠመቅ በከፊል በውኃ ፋንታ ሳኬ እየተጨመረበት ነው። ዘዴውን በ1973 ያወጣው የመንግሥት የጠመቃ ምርምር ተቋም ነው፤ ሃናሃቶን የሚጠምቀው ኤኖኪ ሹዞ ደግሞ በማግስቱ ዓመት ለገበያ አቀረበው። ሳኬ አልወድም የሚል ሰው ካላችሁ በዚህ ሞክሩት።

ታማጋዋ የሚባለውን ሳኬ የሚያወጣው የኪዮቶ አውራጃ መጥመቂያ ዋና ጠማቂው እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሃርፐር ነው። በ1712 በነበረ አሠራር የሚጠምቀው «ታይም ማሽን» የሚባል ሳኬ አለው። ሲገዛ የግድ ያረጀ አይደለም፣ ጣዕሙ ግን ወደዚህ ዓለም ጥሩ መግቢያ ነው፣ ካስቀመጡትም ያድጋል። ለፈዛዛው ቤተሰብ ደግሞ ቶቺጊ ውስጥ ያለው ሺማዛኪ ሹዞ አለ። ዳይጊንጆውን የሚያስቀምጠው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ለታንክ ፋብሪካ ተብሎ በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ በዓመት አማካይ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ታንክ ሳይሠራበት ጦርነቱ አለቀ፣ ሳኬ ገባበት። ከዚህ የተሻለ አጠቃቀም ያለ አይመስለኝም።

ሃያና ሠላሳ ዓመት በሚለው አትጀምሩ። ውድ ነው፣ እና ማወዳደሪያ ከሌላችሁ የምትከፍሉት ለቁጥሩ ነው።

ብርጭቆና ሙቀት

ትንሿን የሸክላ ሲኒ ተዉአት። አፍንጫ የማታስገባ ስለሆነች የኮሹን ግማሽ ታስቀርባችኋለች። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ወይም የብራንዲ ብርጭቆ ያዙ። ሲሶውን ብቻ ሙሉ። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ከወይን ጠንከር ስለሚል 50 ሚሊ ሊትር ለአንድ ዙር ይበቃል፣ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይኑር። ጃፓኖቹም ሳኬ ሲጠጡ ውኃ ያስከትላሉ።

ፈዛዛውን ቀዝቀዝ አድርጉ፣ ግን አታቀዝዙት። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ ተዉት፤ ከ12 እስከ 16 ዲግሪ መሃል ሽታው ይከፈታል። አታሙቁት፣ ለስላሳው ነገር ይጠፋል።

ጥቁሩ ፍሪጅ አይወድም። ሲቀዘቅዝ መራራው ብቻ ይቀራል። መጀመሪያ በቤት ሙቀት ቅመሱት፣ 20 ዲግሪ አካባቢ። ቀጥሎ አሙቁት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው «አሃ!» የሚለው። ድስት ውስጥ ውኃ አፍሉና ከእሳት አውርዱት። ሳኬውን ቶኩሪ በሚሉት ማሰሮ፣ ከሌላችሁ ሙቀት በሚችል ብርጭቆ አድርጉና እስከ አንገቱ ውኃው ውስጥ አስቀምጡት። ሁለት፣ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። የምትፈልጉት ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ነው፤ ቴርሞሜትር ከሌለ ዕቃውን ከሥር ስትነኩት ሞቀ የምትሉት ግን እጃችሁን የማታነሱበት ያህል። ማይክሮዌቭ ይቅርባችሁ፣ ላዩን አንድዶ ታቹን ይተወዋል። ከዚያ ሳትቸኩሉ ጠጡ። እየቀዘቀዘ ሲመጣ በየደረጃው ጣዕሙ ይቀየራል፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጣፋጩ ጎልቶ ይወጣል።

ጠርሙሱ ሥር ዝቃጭ ካያችሁ አትደንግጡ። የጠላ አተላ ዓይነት ነገር ነው፣ አይጎዳም። ጠርሙሱን አቁማችሁ አሳድሩና ሳትንጡ ቅዱ።

ከምን ጋር?

ጥቁሩ ከሱሺ ጋር አይሄድም፣ ዓሣውን ይውጠዋል። የሚፈልገው ወፍራም፣ የከረመ ወይም በእሳት የጠቆረ ምግብ ነው። አይብ ላይ ጎርጎንዞላና ሮክፎር፣ ወይም ብዙ ወር የከረመ ኮምቴ። በጃፓን ምግብ በሶስ የተጠበሰ ኢል የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ እና ካኩኒ የሚሉት ቀስ ብሎ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ። የቻይና ዳክዬም በጣም ይስማማዋል። ጥቁር ቸኮሌት፣ የደረቀ በለስ፣ ዋልነት። በጾም ቀን አይብና ሥጋ ከሌለ ቴምርና የተቆላ ለውዝ፣ ወይም በአኩሪ አተር ሶስ የተጠበሰ እንጉዳይ ያው ሥራ ይሠራል።

ከወጥ ጋርስ? ምላሴ እንደሚለው ከበርበሬ ጋር ይጣላል፤ ቃሪያውና አልኮሉ ተደርበው ያቃጥላሉ። በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ያለበት አልጫ፣ ወይም ቅቤው ጠንከር ያለ ጥብስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ንጥር ቅቤው ውስጥ አብሽ ከገባበት ደግሞ ሁለቱ ዘመድ ሆነው ይገናኛሉ። ፈዛዛውን ለቀላል ነገር አስቀምጡት፦ የተጠበሰ ነጭ ዓሣ፣ ዶሮ በጨውና በሎሚ፣ ለጋ አይብ።

ቤት ውስጥ ማቆየት

ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ተራ ጁንማይ ምረጡ፤ ያማሃይ ወይም ኪሞቶ የሚል፣ ማለትም በድሮ ዘዴ የተጠመቀ፣ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ፣ አሲዱ ጠንካራ ስለሆነ ዓመቱን ይሸከማል። ሲሠራ በሙቀት ያልታከመውን፣ ናማ የሚሉትን፣ ተዉት፤ በውስጡ ገና የሚሠራ ኢንዛይም ስላለ ያለ ፍሪጅ ይበላሻል። ውድ ዳይጊንጆም ቁም ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ፣ ያሳዝናል።

ከአንድ ዓይነት ሦስት ጠርሙስ ግዙ። በጋዜጣ ጠቅልሉ፣ ብርሃን ለሳኬ ጠላቱ ነው። እንደ ወይን አታጋድሟቸው፣ ቆመው ይቀመጡ፤ ክዳኑ ቡሽ አይደለም፣ ሳኬው ክዳኑን እየነካ ከከረመ የብረት ጣዕም ሊያመጣ ይችላል። ጋዜጣው ላይ የገዛችሁበትን ቀን ጻፉ። አንዱን በዓመቱ፣ ሌላውን በሦስተኛው፣ የመጨረሻውን በአምስተኛው ክፈቱ። አዲስ አበባ ያለ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ፀሐይ የማያገኘው ቁም ሳጥን ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ሰው፣ ሕጉ ቢፈቅድለት እንኳ፣ ክረምት ከበጋ ኤሲ የማይጠፋበት ክፍል ከሌለው አይሞክረው።

ከተከፈተ በኋላ ፈዛዛው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው። ጥቁሩ ግን የማይጠብቁት ዓይነት ታጋሽ ነው። ኦክስጅንን ቀድሞ ለምዶታል፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ ጨለማ ቦታ ካስቀመጣችሁት ለሳምንታት ይቆያል፣ አንዳንዱም ከተከፈተ ከአሥር ቀን በኋላ ይሻላል። ጠርሙሱ ሥር የቀረችውን ጥቂት ደግሞ ቫኒላ አይስክሬም ላይ አፍስሱት። ታይም ማሽንና ኪጆሹ ለዚህ ተስማሚ ናቸው፣ አንድ ማንኪያ ይበቃል።